ለዓድዋና ለአርበኞች ቀን ትዕይንት ምን እንልበስ? ጎፈር፣ አቡጀዴ፣ ቲሸርት ወይስ የጠላት ዩኒፎርም

የካቲት 23 ሲቃረብ በሱሉልታ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በለገጣፎ ያሉ የትምህርት ቤት ክበባትና የወጣት ማኅበራት የዓድዋን ጦርነት በሜዳ ላይ በትዕይንት ለማሳየት መሰናዳት ይጀምራሉ። ሁለት ወር ቆይቶ ደግሞ የሚያዝያ 27 ተራ ይመጣል። ስብሰባው ሲከፈት ጀምሮ ሰውን ለሁለት የሚከፍለው የልብስ ጉዳይ ነው። ገሚሱ የዘመኑ ልብስ ሙሉ በሙሉ ካልተለበሰ ትዕይንቱ ይቅር ይላል፤ ገሚሱ ወጪውንና የጸጥታውን ጉዳይ አንሥቶ የዳግማዊ ምኒልክ ምስል የታተመበት ቲሸርት ይበቃል ይላል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ፤ ነገር ግን ክርክሩ የሚካሄደው ብዙውን ጊዜ ምርጫዎቹ ተዘርዝረው ሳይታዩ ነው። ስለዚህ እዚህ ያሉትን አማራጮች አነጻጽሬ የትኛው ለየትኛው ዝግጅት እንደሚሆን የማምንበትን እናገራለሁ። ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገራችሁ። የዘመኑን ልብስ ልበሱ፤ የምትለብሱት ግን የመኳንንቱን ሳይሆን የተራውን ዘማች ልብስ ይሁን።

ዩኒፎርም ያልነበረው ጦር

ምርጫው ሁሉ የሚቆመው በአንድ እውነት ላይ ነው። በዓድዋ የተዋጋው የኢትዮጵያ ጦር ዩኒፎርም አልነበረውም። የክተት አዋጁ በ1888 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሲታወጅ ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ሠራዊት ከየአገሩ የተነሣው ቤቱ ያለውን ልብስ ለብሶ፣ ስንቁን በአቁማዳ ቋጥሮ ነው። የብዙኃኑ ልብስ እጀ ጠባብ፣ ጠበብ ያለ ሱሪና ሸማ ነበር፤ እግሩም ባዶ። ወገቡን በድግ ያስራል፤ ጠመንጃ ያለው ዝናር ይታጠቃል፤ የሌለው ጋሻና ጦሩን፣ ጎራዴውን ይይዛል። ውጅግራ ጠመንጃ ያነገተውም ሆነ ጦር የያዘው ገበሬ ከሜዳው የመጣው በዚያው በእርሻ ልብሱ ነበር ማለት ይቻላል።

ከፊቱ የቆመው የጣሊያን ጦር ግን ከ17 ሺህ በላይ ወታደርና 56 መድፍ ያለው፣ በየክፍሉ ወጥ ዩኒፎርም የለበሰ፣ በሻለቃና በብርጌድ የተደራጀ ሠራዊት ነው። ተመልካቹ ይህን ልዩነት በዓይኑ ሲያየው ከማንኛውም ንግግር በላይ ይገባዋል። በአንድ በኩል ለጦርነት የተሰፋ ልብስ፣ በሌላ በኩል ለኑሮ የተሠራ ልብስ። ይህ እንዲታይ የምንፈልግ ከሆነ የኢትዮጵያን ወገን በወርቅ ጥልፍና በጎፈር ማጥለቅለቅ ታሪኩን ማፍረስ ነው።

የመኳንንትና የጀግና ልብስ፦ ጎፈር፣ ለምድ፣ ካባ

በየዓመቱ በአደባባይ ጎልቶ የሚታየው ይህ ነው። ያምራል፤ ፎቶግራፍ ላይ ይወጣል፤ ልጆች ይወዱታል። ነገር ግን የአንበሳ ጎፈር በራስ ላይ ማሰር፣ ለምድ መደረብ፣ ብር የተለበጠ ጋሻ መያዝ በዘመኑ ማንም ተነሥቶ የሚያደርገው ነገር አልነበረም። ገዳይ የተባለ፣ ማዕረግ የተሰጠው፣ ከጌታው የተሸለመ ሰው የሚለብሰው የክብር ምልክት ነው። ስድሳ ወጣት ሁሉ ጎፈር አስሮ ሲሰለፍ ተመልካቹ የሚያየው አንድም ተራ ወታደር የሌለበት የራሶችና የደጃዝማቾች ጦር ነው። ጠመንጃውን ተሸክሞ ለወራት በእግሩ የተጓዘው ሰው ከራሱ በዓል ላይ ይጠፋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ወጪውም አይናቅም። አብዛኛው ቡድን የሚከራየው ካባ ለሙሽራ የተሰፋ ነው፤ ከፋይ ጨርቁ የሚያብረቀርቅ፣ ጥልፉ የማሽን፣ አሰፋፉም የዛሬ። ከሩቅ ያሳምናል፤ ከቅርብ ግን ሠርግ ሠርግ ይላል። ደግሞም የሱሉልታ ሜዳ በየካቲት ቀትር ላይ ፀሐዩ ይበረታል፤ ከፋይ ለብሶ የሚሮጥ ልጅ ቶሎ ይደክማል።

ቆዳን በተመለከተ ቁርጥ ያለ አቋም ያስፈልጋል። የአንበሳ፣ የነብር ወይም የጉሬዛ ቆዳ ለትዕይንት ብሎ መግዛት አይገባም። የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደንም ሆነ ቆዳቸውን መነገድ በሕግ የተከለከለ ነው፤ እኛም ለአንድ ቀን ትዕይንት ብለን የዚህ ገበያ ደንበኛ መሆን የለብንም። ረጅም ጸጉር ያለው የበግ አጎዛ በደንብ ተበጥሮ ቡናማ ቀለም ሲነከር ከአሥር እርምጃ ርቀት ላይ ጎፈር ይመስላል። በቤተሰብ ውስጥ ከአያት ቅድመ አያት የወረደ እውነተኛ ጎፈር ወይም ለምድ ካለ ደግሞ ሜዳ ላይ አታውጡት። ላብና አቧራ የገባበት አሮጌ ቆዳ አይመለስም። ከትዕይንቱ በፊት በጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ባለቤቱ ታሪኩን እንዲናገር አድርጉ፤ ሰው ዙሪያውን ከቦ ያዳምጣል።

ታዲያ ይህ ልብስ ለማን ይሁን? በስም ለሚታወቁት ጥቂቶች ይሁን። ለንጉሠ ነገሥቱ፣ ለእቴጌ ጣይቱ፣ ለራስ መኰንን፣ ለራስ አሉላ፣ ለንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ በውጊያው ለወደቁት ለፊታውራሪ ገበየሁ። ከእነዚህም አጼ ምኒልክን ስታለብሱ ዘውዱን ተዉት። በብዙ ፎቶግራፎች እንደሚታዩት ነጭ ሻሽ ያሰረ፣ ከላዩ ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ የደፋ ሰው ከካርቶን ዘውድ ይልቅ ምኒልክን ይመስላል። የእንጦጦ ማርያም ቤተ መዘክር የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ አልባሳት የሚገኙበት ስለሆነ ከሱሉልታ በኩል ላላችሁ ቅርብ ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ የተከፈተውን የዓድዋ ድል መታሰቢያም ልብስ ከመስፋታችሁ በፊት ሄዳችሁ እዩ።

የተራው ዘማች ልብስ፦ እጀ ጠባብና ሸማ

የምመክረው ይህን ነው፤ ከምክንያቶቼም አንዱ ዋጋው ነው። አቡጀዴ መርካቶ በጥቅል ይገኛል፤ የሰፈር ልብስ ሰፊ እጀ ጠባብና ሱሪ አድርጎ ይሰፋዋል። ለሸማው ሽሮ ሜዳ ወርዳችሁ ሸማኔዎቹን አነጋግሩ። ስታዝዙ ግን ለበዓል የሚለበሰውን ነጠላ ሳይሆን ጥለቱ ቀጭን የሆነውን ወይም ጥለት የሌለውን ጠይቁ። የሚያብለጨልጭ ክር የገባበት ሁሉ ይቅር። ቤት ውስጥ ያለ አሮጌ ጋቢ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ ገንዘብም አያስወጣም።

ጠንቃቃ አዘጋጅ የሚያስብበት አንድ ነገር አለ። ሠራዊቱ ከአዲስ አበባ የተነሣው በጥቅምት ነው፤ ኅዳር 28 አምባላጌ ላይ ተዋግቶ፣ መቀሌን ከቦ፣ የካቲት 23 ዓድዋ ላይ ሲደርስ ወራት አልፈውታል። ያ ሸማ እንደ ፋሲካ ልብስ ነጭ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ልብሱ ተሰፍቶ እንደደረሰ ለልጆቹ ስጧቸው፤ ልምምዱን ሁሉ በእርሱ ይሥሩ፤ መሬት ላይ ይቀመጡበት፤ ይተኙበት። የጉልበቱና የክርኑ እድፍ፣ የዳሩ መተልተል ማንም ባለሙያ ሊሠራው የማይችል ማስዋቢያ ነው። ከመታያው ዕለት በፊት አጥባችሁ ተኩሳችሁ የምታመጡት ከሆነ ግን ያ ሁሉ ይጠፋል።

እግር ላይ ስትደርሱ ልባችሁ ይራራ። ባዶ እግር ትክክለኛው ነው፤ ነገር ግን የዛሬ ልጅ እግር የዚያን ጊዜ እግር አይደለም፤ የታጨደ ማሳ ላይ የሚሮጥ ልጅ ይወጋል። ጥሩው መፍትሔ ቀለል ያለ የቆዳ ነጠላ ጫማ ነው። በረባሶ አይሁን፤ ከመኪና ጎማ የሚሠራ ነው፤ መኪና ደግሞ ወደ አገራችን የገባችው ከዓድዋ በኋላ ነው። ስኒከር የግድ ከሆነ ሩጫ ለሌለባቸው ከኋላ ረድፍ ለሚቆሙት ስጡት። የእጅ ሰዓት፣ መነጽርና ስልክ ግን በበሩ ላይ በኃላፊነት የሚረከብ ሰው ይኑር።

ይህ አማራጭ በቀጥታ የሚጠቅመው ደግሞ ሴቶቹን ነው። በየዓመቱ የማየው ሃያ ልጃገረድ ሁሉ ጣይቱ ሆና ስትመጣ ነው። እቴጌይቱ አንድ ናቸው፤ በመቀሌ የምሽጉን የውኃ ምንጭ ማስያዝን የመከሩ፣ በዓድዋም ከሠራዊቱ ጋር የተገኙ። ከእርሳቸው ጋር ግን ስማቸው ያልተጻፈ እጅግ ብዙ ሴቶች ነበሩ። በሶውን፣ ቆሎውንና ድርቆሹን ያዘጋጁ፣ በየሰፈሩ ምግብ ያበሰሉ፣ በውጊያው ቀን ለተዋጊው ውኃ ያደረሱ፣ ቁስለኛ ያነሡ። ቀሚስ፣ መቀነት፣ ነጠላ፣ ጀርባ ላይ እንስራ፤ ይህ ነው ልብሳቸው። አንዲት ልጅ እንስራ አዝላ በተኩስ መሀል ስታልፍ የምታሳየው ነገር በዙፋን ላይ ከተቀመጠች ጣይቱ አያንስም፤ የምትሠራውም ብዙ አላት።

ሠራዊቱ ከመላ አገሪቱ የመጣ ስለሆነ የሁሉም ልብስ አንድ ዓይነት አይሁን። የሱሉልታና የሰንዳፋ ሜዳ የፈረሰኛ አገር ነው፤ በዓድዋ የኦሮሞ ፈረሰኞች የነበራቸው ድርሻ የታወቀ ነው። ፈረስ ያላቸው ቤተሰቦች በራሳቸው አለባበስና በራሳቸው የፈረስ ዕቃ እንዲገቡ ጋብዟቸው። እንዴት እንደሚለብሱ ለእነርሱ መንገር የእናንተ ፈንታ አይደለም፤ አባቶችን ጠይቁ፤ እንደነገሯችሁ አድርጉ። በጉራጌ፣ በወላይታ ወይም በትግራይ ቤተሰብ ያደገ ልጅም የቅድመ አያቱን አለባበስ ቤቱ ጠይቆ ይምጣ። ካህን የሚወክል ሰው ካስፈለገ ግን አስቀድማችሁ የአጥቢያውን ቤተ ክርስቲያን አማክሩ፤ የታቦትን ምሳሌ ሠርቶ ማሸከም ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።

ቲሸርት ወይም የዘወትር ልብስ

ስለዚህ ብዙ የሚባል የለም። ለእግር ጉዞ፣ ለሰልፍ፣ ለጥያቄና መልስ ውድድር ይስማማል፤ ርካሽ ነው፤ ሰው አያስደነግጥም። ዕድሜያቸው ከአሥር በታች ለሆኑ ልጆችም ከካርቶን ጋሻ ጋር ከበቂ በላይ ነው። ለውጊያ ትዕይንት ግን አይሆንም። ቲሸርት የለበሱ ሁለት ወገኖች ሜዳ ላይ ሲሯሯጡ የሚያይ ሰው የስፖርት ውድድር እንጂ ዓድዋን አያይም። አቡጀዴ መግዛት ካልቻላችሁ ውጊያውን ተዉትና በትረካና በቀረርቶ አቅርቡት።

የጠላት ዩኒፎርም

ከሁሉም ከባዱ ይህ ነው። ጠላት የሌለበት ጦርነት የለም የሚሉ ሰዎች ልክ ናቸው። ባዶ ሜዳ ላይ የሚሮጥ ጦር ድሉ ትርጉም የለውም። ነገር ግን ሁሉም የጠላት ልብስ እኩል አይደለም።

በ1888 ዓ.ም. የተዋጋው የጣሊያን ጦር ልብስ ሊለበስ ይችላል። የፀሐይ መከላከያ ባርኔጣ፣ ባለ አዝራር ኮት፣ የትከሻ ቀበቶ፤ ይኸው ይበቃል። ከወረቀት ጭቃ ተሠርቶ ነጭ ቀለም የተቀባ ባርኔጣ የትምህርት ቤት ክበብ ሊሠራው የሚችል ነው። አለባበሳቸው አንድ ዓይነትና ንጹሕ ይሁን፤ አስቂኝ አታድርጓቸው። የተሸነፈው ጦር ደካማና ሞኝ መስሎ ከታየ ያሸነፉት ምን ሠሩ ይባላል?

ከጣሊያኖች ጋር የተሰለፉት አስካሪዎች፣ ማለትም ጣሊያን ከአፍሪካውያን የመለመላቸው ወታደሮች፣ ታርቡሽ የሚባል ቀይ ቆብና ነጭ ልብስ፣ ወገባቸው ላይ ባለ ቀለም መቀነት ነበራቸው። ይህን ለማሳየት ከወሰናችሁ ለሚለብሰው ወጣት ማንን እንደሚወክል በደንብ አስረዱት። ከተማረኩት አስካሪዎች ብዙዎቹ ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጦ ነው የተመለሱት። ይህ የድሉ አንድ ክፍል ነው፤ የሚያስቅም የሚያስጨበጭብም አይደለም። ለመዝናኛ ለሚሆን አጭር ትዕይንት ባታስገቡት እመርጣለሁ።

የ1928 እስከ 1933ቱ ወረራ ልብስ ግን ሌላ ነው። የፋሺስቶቹን ጥቁር ሸሚዝ ማንም እንዲለብስ አልመክርም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ቤት ያቃጠሉት፣ ሕዝቡን በየመንገዱ የገደሉት ከእነዚያ ሸሚዞች ውስጥ የነበሩ ሰዎች ናቸው። በዚያው ዓመት በግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ፤ ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚወስደው መንገድ ደግሞ በሱሉልታ ያልፋል። በእነዚህ ሰፈሮች ወላጆቻቸው ወይም አያቶቻቸው ያንን ያዩ ሰዎች ዛሬም አሉ። አንድ ልምምድ ላይ ጥቁር ሸሚዝ የለበሱ ልጆች ሲሰለፉ ያዩ እናት ምንም ሳይናገሩ ተነሥተው ሲሄዱ አይቻለሁ። ትዕይንቱ የሚዘጋጀው ለእንዲህ ያሉ ሰዎች ክብር ሆኖ ሳለ እነርሱን ማባረር ምን ይጠቅማል?

በዚህ ፈንታ ሦስት መንገድ አለ። ልብሱን በአሻንጉሊት ቁም ላይ አልብሶ ከማብራሪያ ጋር በአዳራሽ ማቆም፤ ጠላትን በድምፅ ብቻ፣ በማጉያ በሚነበብ ትእዛዝ ማሳየት፤ ወይም ጀርባቸውን ለተመልካች የሰጡ፣ ግራጫ ጨርቅ ብቻ የለበሱ ሰዎችን ማቆም። እኔ ድምፁን እመርጣለሁ። ወጪ የለውም፤ ዓይን ሁሉ በአርበኛው ላይ ይሆናል።

ሚያዝያ 27፦ የአርበኛው ልብስ

ብዙ ቡድን የዓድዋውን ልብስ አውጥቶ ለአርበኞች ቀን ይደግመዋል። አርባ ዓመት ግን ቀላል አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አውሮፕላን ይዞ መጣ፤ ነጭ ሸማ ከሰማይ የሚታይ ዒላማ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ አጼ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ሠራዊቱ ያጌጠ ልብሱን ትቶ ካኪ እንዲለብስ መክረው ነበር። ክቡር ዘበኛ በቤልጂግ መኮንኖች ሠልጥኖ ዩኒፎርም ለብሶ መጋቢት 22 ማይጨው ላይ ተዋጋ፤ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤትም በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አስተማሪነት ሥራ ጀምሮ ነበር። ሆለታ ላላችሁ ሰዎች ይህ የራሳችሁ ታሪክ ነው፤ ወረራውን የተዋጋው የጥቁር አንበሳ ጦር የወጣው ከእነዚያ ወጣት ዕጩ መኮንኖች ነውና የካኪ ኮትና ጥቅልል የእግር መጠቅለያ ብታሰፉ አያስቆጭም።

የዱር አርበኛው ግን የተቀላቀለ ልብስ ነው የሚለብሰው። ከጠላት የተማረከ ኮት ከአገር ሱሪ ጋር፣ ዝናር በደረት ላይ ተሻግሮ፣ ጸጉሩ አድጎ ጎፈሬ ሆኖ። እንደ ጃገማ ኬሎ ያሉት ገና በለጋ ዕድሜያቸው ጫካ የገቡ ነበሩ፤ ስለዚህ የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ አርበኛ ሲሆን ዕድሜው ራሱ እውነት ነው። ለጎፈሬው አርቲፊሻል ጸጉር ከመግዛት ልጆቹ ከወራት በፊት ጸጉራቸውን እንዲያሳድጉ ትምህርት ቤቱን አስፈቅዱ። በ1933 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ የገቡት በእንጦጦ በኩል ነው፤ የራስ አበበ አረጋይ አርበኞችም በዚያ ጊዜ አጅበዋል። የእንጦጦና የሱሉልታ ቡድኖች ውጊያ ከማሳየት ይልቅ ያንን አቀባበል ቢያሳዩ ልብሱም ቦታውም ይገጥማል።

የቅርብ ጊዜ ዩኒፎርም

የዛሬውን የመከላከያ ሠራዊት ዩኒፎርም፣ የሚመስለውንም ቢሆን አትልበሱ። መብት የሌለው ሰው የሠራዊቱን ዩኒፎርም መልበሱ በወንጀል ያስጠይቃል። ከሕጉም ባሻገር፣ ያለፉት ዓመታት ጦርነት ሐዘን ገና ከቤታችን አልወጣም። በየሰፈሩ ልጁን የሚጠብቅ አለ። ታጥቆ የሚሮጥ የወታደር ልብስ የለበሰ ሰው በከተማ ዳር ሲታይ ሕዝብ ይደነግጣል፤ ፖሊስም በትክክል ያስቆማል። የደርግ ዘመን ልብስም ለእኔ እዚሁ ውስጥ ይገባል። የኮሪያ ዘማቹን የቃኘው ሻለቃ በተመለከተ፣ በአሜሪካ ዩኒፎርም ተዋግቶ የመጣ አዛውንት ወይም ቤተሰቡ በሰፈራችሁ ካሉ ልብሱን ከመቅዳት ይልቅ ሜዳሊያውን ይዘው እንዲናገሩ መድረኩን ስጧቸው።

ከመታዘዙ በፊት

መሣሪያው ሁሉ ከእንጨት ይሁን። የማይሠራ ነው የተባለ አሮጌ ጠመንጃም አይግባ፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ በኋላ በዚህ ላይ የሚደረግ ቸልታ አዘጋጁን ያስጠይቃል። ባሩድና ርችት በየካቲት ደረቅ ሣር ላይ እሳት ነው፤ ተኩሱን በከበሮ አሰሙ። ጎራዴውን ከቀላል እንጨት ሠርታችሁ ጫፉን አድቡልቡሉት። ለወረዳው አስተዳደርና ለፖሊስ ደብዳቤ ስትጽፉ ልብሱን ለብሰው የተነሡትን ፎቶግራፍ አያይዙ፤ ፈቃድ ሰጪው የሚፈቅደውን በዓይኑ አይቶ ይፈርማል።

ሸማኔ ጊዜ ይፈልጋል፤ የገናና የጥምቀት ትእዛዝም ይደራረብበታል። ለየካቲት 23 የሚሆነውን በኅዳር አዝዙ። ገንዘቡ የማይዳረስ ከሆነ መጀመሪያ ለፊተኛው ረድፍና እንስራ ለሚሸከሙት ሴቶች አሰፉ፤ ለኋለኞቹ ከቤት ጋቢ ይምጣ፤ ለመኳንንቱ ካባ የሚቀረው ብር ካለ በመጨረሻ ይታሰባል።